በዓል ሲመጣ ግራ ይገባኛል፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የ15፣ የ9 እና የ4 ዓመት። እኔም ባለቤቴም ሙሉ ቀን እንሠራለን። ለበዓል የምናገኘው እረፍት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ በዚያች ሁለት ቀን የእኔም የእሱም ዘመዶች ይጠብቁናል። አንዱ ጋ ቀድመን ከሄድን ሌላው ይቀየማል።

እስከ አምና ሁሉንም መኪና ውስጥ ጭኜ እዞር ነበር። ዘንድሮ ትልቁ «እኔ አልሄድም» አለ። ቁመቱ አባቱን አልፏል፤ እንደ ድሮው እጁን ይዤ አልጎትተው ነገር! ማታ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ጠዋት አይነሳም። በጉርምስና እንቅልፍ አምሽቶ እንደሚመጣ፣ በዚህ ዕድሜም ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ግን ይህን ለአማቴ እንዴት ላስረዳ? እሳቸው «ልጁን አበላሻችሁት» ነው የሚሉት። ትንሿ ደግሞ የቀን እንቅልፏ ካለፋት ሰው ቤት መሬት ላይ ተንከባላ ታለቅሳለች። መካከለኛዋ ምንም አትልም። (እንዲያውም የእሷ ዝምታ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ።)

ባለፈው በዓል የተነሳነውን ፎቶ ሳይ ከአምስታችን አንዳችንም አልሳቅንም።

ትልቁን ማስገደድ ይሻላል ወይስ ቤት መተው? አንዱን በዓል ለአንዱ ወገን፣ ቀጣዩን ለሌላው ያደረጋችሁስ አላችሁ? ካላችሁ፣ ለአያቶች ማን ነገራቸው፤ ባል ወይስ ሚስት? ቀጣዩ በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።