በሰዓት ብዙ የሚከፍለው ሥራ ይሻላል ወይስ ዩኒየን ያለበት?

ጥያቄ

ለተከበራችሁ ወገኖች፤ በዲቪ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አሌክሳንድሪያ እንኖራለን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የፓርኪንግ ሥራ ተገኘልኝ። አንደኛው እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት 20.50 ዶላር የሚከፍልና ዩኒየን (የሠራተኞች ማኅበር) የሌለበት ነው። ሁለተኛው ዲሲ ውስጥ ሲሆን 19.25 ዶላር ይከፍላል፤ ዩኒየን ስላለው በየወሩ 48 ዶላር መዋጮ ይቆረጣል። ያማከርኳቸው ወዳጆች ግማሾቹ ‹‹ትንሽ ተከፍሎህ ደግሞ መዋጮ?›› ይላሉ፤ ግማሾቹ ‹‹ዩኒየኑ እንዳያመልጥህ›› ይላሉ፤ ምክንያቱን በቅጡ ያስረዳኝ ግን የለም።

መልስ

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጡ። ዲሲ ውስጥ በፓርኪንግ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሥራ ቦታዬ የዩኒየን ተወካይ፣ እዚህ ሾፕ ስቱዋርድ የምንለው፣ ሆኜ አገለግላለሁ፤ ስለዚህ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሌን አስቀድመው ይወቁልኝ። ጥያቄዎ ግን በሒሳብ ሊመለስ የሚችል ነው።

የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በዓመት 2,080 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ይታሰባል፤ 40 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ ማለት ነው። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው የ1.25 ዶላር ልዩነት በዓመት 2,600 ዶላር ይሆናል፤ የመዋጮው 576 ዶላር ሲታከልበት ዲሲን በመምረጥዎ 3,176 ዶላር የሚያጡ ይመስላል። አሁን ሁለቱንም ቀጣሪዎች ‹‹ባለቤቴንና ልጆቼን ጨምሮ ለጤና ኢንሹራንስ ከሳምንት ቼኬ ስንት ይቆረጣል?›› ብለው ይጠይቋቸው። ለምሳሌ ያህል ዩኒየን የሌለበት ቦታ በሳምንት 140 ዶላር፣ ያለበት ቦታ 25 ዶላር የሚቆርጡ ቢሆን፣ የመጀመሪያው በዓመት 7,280፣ ሁለተኛው 1,300 ዶላር ይደርሳል። ልዩነቱ 5,980 ዶላር ስለሆነ ከላይ ያጡት የመሰለዎት ሁሉ ተመልሶ፣ ታክሱን ወደ ጎን ትተን፣ 2,804 ዶላር በእጅዎ ይቀራል። ሁለቱ ቀጣሪዎች የሚሰጡዎትን ትክክለኛ ቁጥር ሲያስገቡ ሒሳቡ ሊገለበጥም ይችላል፤ ልጆችዎ በሌላ ኢንሹራንስ የሚሸፈኑ ከሆነ ወይም ብቸኛ ሰው ቢሆኑ ኖሮ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር።

አገር ቤት በፋብሪካ ወይም በባንክ የሠራ ሰው ‹‹የኅብረት ስምምነት›› የሚባለውን ያውቀዋል፤ እዚህ በአጭሩ ኮንትራት እንለዋለን። እኔ የማየው የብዙ ወገኖቻችን ችግር ኮንትራቱን ከደመወዙ ገጽ አልፎ አለማንበብ ነው። የኢንሹራንሱን ነገር ብቻ ብንወስድ፣ በብዙ ኮንትራቶች ቀጣሪው ለእያንዳንዱ የሥራ ሰዓት የተወሰነ ገንዘብ ለአንድ የጋራ ፈንድ ያስገባል፤ ፈንዱን ደግሞ ቀጣሪዎችና ዩኒየኑ እኩል ቁጥር ባላቸው ባለአደራዎች ያስተዳድሩታል። ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንሱ እንዲቀጥል በወር ወይም በሦስት ወር መሞላት ያለበት የሰዓት ልክ አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሺፍቱን ለጓደኛው እየሰጠ ኡበር ሲነዳ ቆይቶ ሰዓቱ ስለጎደለ፣ ልጁ ታሞ ሆስፒታል በገባበት ወር ካርዱ አልሠራም አሉት። የሰዓቱ ልክ ፈንዱ በሚልከው የማጠቃለያ ደብተር ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ይህንን ደብተር ፈንዱ አባል በሆኑ በ90 ቀን ውስጥ ሊሰጥዎ በሕግ ይገደዳል።

ጡረታውም እንደዚሁ ነው። ኮንትራትዎ 401ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን በየወሩ እስከ ዕለተ ሞት የሚከፈል ፔንሽን ካለው፣ እሱ ከቼክዎ የሚቆረጥ ሳይሆን ቀጣሪው በላዩ የሚከፍለው ነው፤ በሰዓት 75 ሳንቲም ቢሆን እንኳ በዓመት 1,560 ዶላር ይሆናል። ችግሩ ይህ ገንዘብ በቼኩ ላይ ስለማይታይ ሰው የሌለ ያህል መቁጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የጡረታ ሕግ ባስቀመጠው መሠረት በብዙዎቹ ፈንዶች የጡረታ መብትዎ የሚጸናው አምስት የአገልግሎት ዓመት ሲሞሉ ነው፤ አንድ የአገልግሎት ዓመት ለመቁጠር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1,000 ሰዓት መሥራት ይበቃል። አራት ዓመት ሠርተው በሰዓት የሃምሳ ሳንቲም ጭማሪ ፍለጋ ወደ ሌላ ጋራዥ የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ጥቂት ወራት ቢታገሡ ኖሮ ዕድሜ ልክ የሚከፈላቸውን ጥለው ሄዱ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስተማረኝ በራሴ ላይ የደረሰው ነው። ዩኒየን ባለበት ጋራዥ በሁለተኛ ዓመቴ፣ አንዲት ደንበኛ መኪናዬ በሩ ላይ ተጭሯል ብላ ከሰሰችኝ። ሥራ አስኪያጁ ከቲኬት መሸጫው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ቢሮ ጠርቶኝ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት አስቀምጦልኝ፣ ‹‹መረጃ ብቻ ነው፣ ፈርምና ወደ ሥራህ ተመለስ›› አለኝ። ፈረምኩ። ወረቀቱ ጥፋቱን ማመኔን የሚገልጽ ነበር፤ በማግሥቱ ሦስት ቀን ያለ ክፍያ ታገድኩ። መኪናውን ስረከብ የቆረጥኩት ቲኬት ጀርባ ላይ ጭረቱን ራሴ ምልክት ያደረግሁበት ሥዕል እንደነበረ ያስታወስኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቲኬቱን ይዤ ወደ ተወካያችን ስሄድ ወረቀቱን አየና አንገቱን ነቀነቀ፤ በእኛ ኮንትራት ግሪቫንስ፣ ማለትም የጽሑፍ አቤቱታ፣ የሚገባው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ነበርና አንድ ቀን አልፎኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋይንጋርተን በሚባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ዩኒየን ያለው ሠራተኛ ወደ ቅጣት ሊያመራ ይችላል ብሎ ለሚገምተው ምርመራ ሲጠራ ተወካይ እንዲገኝለት የመጠየቅ መብት አለው። ቀጣሪው ግን መብቱን የመንገር ግዴታ የለበትም፤ ጠያቂው ሠራተኛው ራሱ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ገቢ የማስተምረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ‹‹ይህ ቅጣት ሊያስከትል የሚችል ከሆነ ተወካዬ ሳይኖር ጥያቄ አልመልስም›› የሚለው ነው። ይህን ማለት በእኛ ባህል ድፍረት ይመስላል፤ አለቃ ሲጠራ እሺ ማለት ተምረን ስላደግን እኔም ብሆን አፌን ሊሞላ ዓመታት ፈጅቶበታል።

እዚህ አገር ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ቀጣሪ ሠራተኛውን ያለ ምክንያት ሊያሰናብት ይችላል። የሙከራው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 60 ወይም 90 ቀን፣ ካለፈ በኋላ ‹‹በቂ ምክንያት›› የሚለው የኮንትራቱ አንቀጽ ነው ይህን የሚቀይረው። የፌዴራሉ ሕግም በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው አንድ ተኩል ይከፈል ከማለት በቀር የዓመት ዕረፍትም ሆነ የበዓል ክፍያ በጥቅሉ አያስገድድም። እነዚህ የሚገኙት በቀጣሪው ፈቃድ ወይም በኮንትራት ነው። ለምሳሌ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው ገናችን በየትኛውም የበዓላት ዝርዝር ላይ አላየሁትም፤ ብዙ ኮንትራቶች ግን ሠራተኛው ራሱ የሚመርጠው አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሰጣሉ። ያንን ቀን ለገና ወይም ለፋሲካ ማግሥት ማስያዝ ይቻላል፤ የሚሰጠው ግን በአገልግሎት ቅድሚያ ስለሆነ ጥያቄው ቀደም ብሎ፣ በጽሑፍ መግባት አለበት። አገር ቤት ደርሶ ለመምጣት ስድስት ሳምንት የሚፈልግ ሰውም ‹‹ያለ ክፍያ ፈቃድ›› የሚለውን አንቀጽ አንብቦ፣ ሲመለስ ሲኒየሪቲው፣ ማለትም የአገልግሎት ቅድሚያው፣ እንደሚጠበቅለት አረጋግጦ ይሂድ።

ተጨማሪ ጥያቄ

እኔ የምሠራው ሬገን ኤርፖርት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መዋጮ ሳልከፍልም ኮንትራቱ ይሸፍነኛል ይሉኛል፤ እውነት ነው?

መልስ

እህቴ፣ ለአብዛኛው የግል ድርጅት ሠራተኛ እውነት ነው፤ ቀጣሪዎ አየር መንገድ ከሆነ ግን በሌላ የፌዴራል ሕግ ስለሚገዛ አስቀድመው ያረጋግጡ። የ1947ቱ የፌዴራል ሕግ፣ ታፍት ሃርትሊ የሚባለው፣ ክልሎች መዋጮን የሥራ ግዴታ ማድረግ እንዲከለክሉ ፈቅዷል፤ ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት ከልክላለች። ዲሲና ሜሪላንድ ግን አልከለከሉም፤ ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ በግል ድርጅቶች ኮንትራት ውስጥ ከ30 ቀን በኋላ መክፈል ግዴታ ሊሆን ይችላል። አባል መሆን የማይፈልግ ሰው በዚያም ቢሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 ቤክ በሚባለው ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ለድርድርና ለአቤቱታ የሚውለውን ድርሻ ብቻ እንዲከፍል መጠየቅ ይችላል።

ቨርጂኒያ ውስጥ የማይከፍል ሰው ደመወዙም ኢንሹራንሱም ያው ነው፤ ዩኒየኑም አቤቱታውን ያለ አድልዎ የመያዝ ግዴታ አለበት። ነገር ግን አዲሱ ኮንትራት ይጽደቅ ወይስ ይውደቅ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ የሚመርጡት አባላት ብቻ ናቸው። ባለፈው ድርድራችን ቀጣሪው በሰዓት ተጨማሪ 40 ሳንቲም ሰጥቶ በምትኩ የኢንሹራንሱን ድርሻችንን ከፍ ሊያደርግ ሲያቀርብ ወጣቶቹ ሳንቲሙን፣ ልጆች ያሉን ኢንሹራንሱን መርጠን ነበር፤ ሐሳቡ የወደቀው በአሥራ አንድ ድምፅ ልዩነት ነው። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆመው ውጤቱን ይጠባበቁ ከነበሩት አባል ያልሆኑ ባልደረቦቻችን ከአሥራ አንድ በላይ የሚሆኑት ልጆች ያሏቸው ነበሩ።