የተርሚኔተር ፊልሞች ማሳያ ፕሮግራም፦ የትኞቹ ክፍሎች ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይግቡ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ጀማው። ረቂቁ ላይ "ተርሚኔተር በሙሉ" የሚለውን እናስተካክል፣ ስድስቱን ማሳየት አንችልም። የኔ ሀሳብ የ1984ቱንና የ1991ዱን አሳይተን እናብቃ ነው። ሁለተኛው እኮ 4 ኦስካር የወሰደ ተከታይ ነው፣ ዋናዋ ገጸ ባህሪ ሳራ ሆስፒታሉ ውስጥ እየሮጠች ሊፍቱ ሲከፈት በአንደኛው ሊገድላት የነበረውን የሮቦት ፊት አይታ እግሯ ሲከዳት፣ እሱ ደግሞ በዚህኛው ሊያድናት ነው የመጣው፣ ያንን ድንጋጤ አንደኛውን ያላየ ሰው እንዴት ብሎ ይገባዋል።

ከፒያሳ፦ እስማማለሁ። ደግሞ የሁለተኛው ገዳይ፣ ከፈሳሽ ብረት የተሠራው ቲ-1000 በብረት ፍርግርጉ መሀል ሲያልፍ ገላው አልፎ ሽጉጡ የሚቀርበት ነገር! እጁን ጠምዘዝ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ኮምፒውተር የሠራውን ነገር እንድናምን ያረገን ያ ሽጉጥ ነው። ከዛ በኋላ የመጡት ኮምፒውተሩ በዛባቸው እንጂ እንደዚህ የታሰበበት ነገር አላየሁባቸውም።

ከኮምቦልቻ፦ ኧረ ሶስተኛውን እንዲህ በቀላሉ አትጣሉት። የሁለቱ ዳይሬክተር ካሜሮን ስለሌለበት፣ ሳራም ሞታለች ስለተባለ ሰው ይንቀዋል፣ መሀል መሀል ላይ ቀልዱ መብዛቱንም አልክድም። ግን መጨረሻው ወላሂ ከባድ ነው፣ የሳራ ልጅ ጆንና አብራው ያለችው ኬት ሰውን ሊያጠፋ የተነሳውን ኮምፒውተር ስካይኔትን እናጠፋለን ብለው ተራራው ውስጥ ሲገቡ የሚያገኙት ያረጀ የባለሥልጣን መደበቂያ ነው፣ የሚጠፋ ማሽን የለም፣ ሬዲዮው ላይ ሰዎች ይጣራሉ ውጭ ቦምቡ ይወርዳል። ሁለተኛው ዕጣችን በእጃችን ነው ብሎን ነበር፣ ይሄኛው ደፍሮ ሞገተው። ተከታይ የቀደመውን ካልሞገተ ለምን ይሠራል?

ከሆጤ፦ በዚህ ሚዛን ከሆነማ የ2019ኙስ? የሳራዋ ተዋናይ ሊንዳ ሃሚልተን ተመልሳለች፣ ካሜሮንም ፕሮዲውሰር ነው። እዚህ ልጅቷ የምትጠበቀው እንደ ሳራ መሪ ስለምትወልድ ሳይሆን ራሷ መሪ ስለምትሆን ነው፣ ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እህቴ እሱ ላይ አንግባባም። ጆንን ገና ሲጀምር ገደሉት እኮ! ሁለተኛውን ሙሉ ምነው በተረፈ ብለን ያየነውን ልጅ በአንድ አፍታ።

ከሆጤ፦ አዎ ያናድዳል፣ ግን ሳራ እንደዛ የመረረችው በዛ ምክንያት ነው፣ ፊልሙን የተሸከመችውም እሷ ናት። ሰው ተናዶ ቢከራከርበት ምን ችግር አለው፣ ለውይይት አይደል የምንሰበሰበው?

ሒሳብ ያዥ፦ ሰዓቱንም አስቡት እንጂ። አንደኛው 107 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 137፣ ሶስተኛው 109 ነው፣ ውይይት ሲጨመርበት በቀን አንድ ፊልም ብቻ ነው የሚቻለው። የኮምቦልቻ ልጆች የሀረጎን ቁልቁለት በጨለማ እንዳይወርዱ እሁድ 8 ሰዓት ላይ እንጀምር፣ የጄኔሬተር ነዳጅም በጀቱ ውስጥ ይግባ፣ መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ተመልካቹ ተመልሶ አይመጣም።

አስተባባሪ፦ የሶስተኛው ነገር አሳምኖኛል፣ የሆጤዋም ሀሳብ ሚዛን ይደፋል። እንዲህ አርጌ ጽፌዋለሁ፦ "በሶስት ተከታታይ እሁዶች የ1984፣ የ1991 እና የ2003 ፊልሞች ይታያሉ፤ በአራተኛው እሁድ የ2019ኙ ታይቶ የጆን መሞት ተገቢ ነበር ወይ በሚል ክርክር ይደረጋል።" የ2009ኙና የ2015ቱ ይቅሩ። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍ፣ አርብ እናስገባዋለን።

ከኮምቦልቻ፦ እስማማለሁ፣ ከሆጤዋ ጋር እኔ ልከራከር መዝግቡኝ። ግን የክርክሩ ርዕስ ፕሮፖዛሉ ላይ ብቻ ይሁን፣ ፖስተሩ ላይ እንዳይወጣ፣ ገና ያላየ ሰው አለ።