ለጭንቀት የበረንዳ አትክልት፦ ምን ይተከል? ስንት ደቂቃስ ይበቃል?

ባለ 4ኛ ፎቅ፦
ሰላም ለቤቱ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ነው፤ 1 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል። ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ብቻ። ከሥራ ጭንቅላቱ ዞሮ ለሚገባ ሰው የሚያሳርፍ ምን ይተከል? የአዲስ አበባ ብርድ የማይገድለውስ የቱ ነው? ደግሞስ ነገሩ እውነት ነው ወይስ ወሬ?

አረንጓዴ መስኮት፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ ወሬ አይደለም። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሕሙማንን መዝገብ አነጻጽሮ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት አነስ ያለ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድስ ሙከራ ደግሞ ሰዎቹን ሆን ብሎ ካስጨነቀ በኋላ ግማሹን አትክልት አሠራ፣ ግማሹን አስነበበ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ኮርቲሶል (ስንጨነቅ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን) አትክልት በሠሩት ላይ ይበልጥ ወርዷል። ሁለቱም ትንንሽ ጥናቶች ናቸው፤ ተአምር አትጠብቅ።

ስልክና ሥራ ትኩረታችንን በግድ ነው የሚይዙት። የሚወዛወዝ ቅጠል ግን ዓይንን ሳያደክም ይይዛል፤ አእምሮ የሚያርፈው ያኔ ነው። ስለዚህ ከሚታይ ብቻ የሚነካና የሚሸተት ይመረጥ።

የችግኝ ሰው፦
በ3 ሰዓት ፀሐይ ጽጌረዳ አትሞክር፣ አታብብልህም። በሶብላም ይቅር፤ ፀሐይ ይፈልጋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ደግሞ ቅጠሉን ያጠቁረዋል። ናና፣ ዳማከሴና ጤና አዳም ይበቁሃል።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከላይ ቆርጠህ ከሥሩ ጣት የሚያሾልኩ 5 ቀዳዳዎች አብጅ። አፈሩ፦ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ። ፍጉ ገና ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል፤ ሽታው ካልጠፋ አትጠቀምበት። ከሥር ጠጠር መደርደር ውሃ ያወርዳል ይባላል፤ እንዲያውም እርጥበቱን ወደ ሥሩ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወንፊት ይበቃል።

ብዙ ተክል የሚሞተው በጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። ጣትህን 3 ሳንቲ ሜትር አስገባ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጣ፣ እርጥብ ከሆነ ተው። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው አፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከታዩ ውሃ በዝቷል ማለት ነው። አንድ የራሰ ጀሪካን ደግሞ 30 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል ከአጥሩ ብረት ይልቅ ወደ ግድግዳው ይጠጋ።

ነርስ ነኝ፦
ሁለት ማሳሰቢያ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ካገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፤ ስትገርዙት ጓንት አድርጉ፣ ወይም ማታ ግረዙት።

ስለ ደቂቃው፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኮርቲሶል በፍጥነት የሚወርደው ተፈጥሮ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቆዩ ነው ይላል፤ ስልክ ሳይነካ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 ሰዎች ላይ የተሠራው ደግሞ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚያሳልፉት የተሻለ ጤናና ደኅንነት እንደሚሰማቸው አሳይቷል። ያ ግን መናፈሻና ጫካ እንጂ የቤት በረንዳ አይቆጥርም፤ ቅዳሜ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ወይም እንጦጦ ውጡ።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ አለመብላቱ፣ ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ጤና ጣቢያ ይኬድ። መድኃኒት የጀመረም ናና በቀለልኝ ብሎ አያቋርጥ።

ባለ 4ኛ ፎቅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ናናና ጤና አዳም አንድ ጀሪካን ውስጥ ይሆናሉ?

የችግኝ ሰው፦
አይሆኑም። ናና እርጥበት ይወዳል፣ ጤና አዳም በመሀል መድረቅ ይፈልጋል። የናና ሥር ደግሞ ተስፋፍቶ ሁሉንም ይወርሳል፤ ለብቻው አድርገው።