ፊደል የሚምታታበትን ተማሪ ከየት ጀምሬ ልርዳው?

ጥያቄ (የ2ኛ ክፍል መምህርት)፦
በክፍሌ 58 ተማሪዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ የስምንት ዓመት ልጅ ሲሆን፣ አጠገቡ ቆሜ በቃል ስጠይቀው ጥሩ መልስ ይሰጣል፤ እኔ እያነበብኩ ሲጽፉ ግን «ሸማ» ያልኩትን «ሰማ»፣ «ሻሽ» ያልኩትን «ሳስ» ብሎ ይጽፋል። ደብተሩን ያዩ ባልደረቦቼ «ሰነፍ ነው» ይላሉ፤ አንዱማ ወደ ልዩ ክፍል ይዛወር ብለዋል። በኮሌጅ ስለ ልዩ ፍላጎት የወሰድኩት አንድ ኮርስ ብቻ ስለሆነ ለችግሩ ስም ለመስጠት አልደፈርኩም። በዘርፉ የምትሠሩ መምህራን ከምን ትጀምራላችሁ?

መልስ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር)፦
መምህርት፣ ስም ለመስጠት አለመቸኮልዎ ደግ አድርገዋል። እኛም የምንጀምረው ልጁ የት ላይ እንደሚሳሳት በመለየት ነው። «ሰ» እና «ሸ» በጽሑፍ የሚለያዩት ከላይ በምትሰመር አንዲት መስመር ብቻ ሲሆን፣ በድምፅም ሁለቱም የሚያፏጩና የሚቀራረቡ በመሆናቸው፣ ቀጭን ድምፆችን በደንብ የማይሰማ ልጅ በቀላሉ ይደባልቃቸዋል። ስለዚህ ያንኑ ስህተት ዓይን፣ ጆሮ ወይም ድምፅን ከፊደል ጋር የማዛመድ ችግር ሊያመጣው ይችላል።

መጀመሪያ ከሰሌዳ የገለበጠውንና እርስዎ እያነበቡ የጻፈውን ጎን ለጎን ያስተያዩ። ቀጥሎ ጸጥ ባለ ቦታ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው አሥር ቃላት እየጠሩ ያስደግሙት፤ ከዚያም ከንፈርዎን እንዳያይ አፍዎን በወረቀት ከልለው፣ ድምፅዎን ሳይለውጡ፣ ቅደም ተከተላቸውን ቀይረው እንደገና ይጥሩለት። ከንፈርዎ ሲከለል ብቻ ከተሳሳተ ጆሮው ይመርመር። ከመጽሐፍ በትክክል እየገለበጠ ከሰሌዳ ከተሳሳተ ዓይኑ ይታይ። በቃል በትክክል እየደገመ ሲጽፍ ብቻ ከተሳሳተ ግን ችግሩ ከፊደሉ ሊሆን ይችላል። ይህ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ለወላጆቹ ሲነግሩ ግን የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል።

ችግሩ ከፊደሉ ሆኖ ከተገኘ፣ የፊደል ገበታውን 231 ሆሄያት በአንድ ጊዜ አያስጨንቁት። «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለየው ቅጥሏ ከቀኙ እግር መሃል ወይም ከግርጌው መውጣቷ ብቻ ስለሆነ፣ እነዚህን ሁለቱን በአሸዋ ላይ በጣቱ እየጻፈ፣ ድምፃቸውንም እያሰማ ለጥቂት ቀናት ይቆይባቸው። የሚያውቀውን ትምህርት ደግሞ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይፈትኑት።

መልስ (የ4ኛ ክፍል መምህር)፦
ምክሩን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 58 ልጅ የሚያስተምር ሰው ይህን መቼ ይሠራዋል? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ ይላል፤ ሸክሙ ግን የወደቀው በክፍል መምህሩ ላይ ነው።

መልስ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር)፦
ቅሬታዎ እውነት ነው፣ ወንድሜ። እኔም በአንድ ትምህርት ቤት ብቻዬን ነኝ። የወረቀቱ ሙከራ ግን ከእረፍት ሰዓት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ልጁን ያለ ምርመራ ወደ ልዩ ክፍል መላክ ግን ዓመታት ያስከፍለዋል።

መልስ (ወላጅ)፦
ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ስትቀመጥ «አትሰማም» ይሉኝ የነበረው አትታዘዝም ለማለት ነበር። ሌላ መምህርት መጥተው «ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ስታይ ድምፁን ምን ያህል ትከፍታለች?» ብለው እስኪጠይቁኝ ድረስ እኔም እናቷ አላስተዋልኩም።

ጠያቂዋ፦
ዛሬ ከእረፍት በኋላ ሞከርኩት። ፊት ለፊት ሲያየኝ አሥሩንም ቃላት በትክክል ደገማቸው፤ በወረቀት ስከለል ግን አራቱን ሳተ፤ ከሰሌዳ የገለበጠውም ላይ ይህ ስህተት የለም። ለጊዜው ከመስኮቱ አጠገብ አንስቼ ከፊት ረድፍ አስቀምጬዋለሁ፤ ጀርባዬን ለተማሪዎች ሰጥቼ እየጻፍኩ መናገሬንም ትቻለሁ። አባቱን አስጠርቼ ስነግራቸው ባለፈው ክረምት ጆሮው ለሳምንታት ፈሳሽ ያወጣ እንደነበር አስታወሱ፤ ሰኞ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዱት ተስማምተናል።