ሌሊት ሽንት የሚያመልጠው የ8 ዓመት ልጅ፣ 6 ሌሊት ሰመር ካምፕ

ልጃችን 8 ዓመቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቨርጂኒያ ተራራማው አካባቢ ሰመር ካምፕ ይገባል፤ 6 ሌሊት ያድራል። አንድ የእንጨት ቤት ውስጥ 10 ልጆች፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። ችግሩ በሳምንት ሦስት አራቴ ሌሊት ሽንት ያመልጠዋል።

እርጥበት ሲነካው የሚጮኸው አላርም አይሆንም፤ ልጁ ደርቆ ማደር እስኪለምድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል፣ 10ሩንም ልጆች ይቀሰቅሳል። ሐኪሙ ያዘዘለት ዴስሞፕሬሲን (ሌሊት የሚመረተውን ሽንት የሚቀንስ ክኒን) ቤት ጥሩ ነበር፦ ከ7 ሌሊት 5ቱን ደርቆ አደረ። ግን ክኒኑ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ከተዋጠ በኋላ እስከ ጠዋት ብዙ መጠጣት አይቻልም፤ ብዙ ከጠጣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሊወርድ ይችላል። ካምፑ ደግሞ ማታ እሳት ዙሪያ ውሃና ጁስ ያድላል። ማን ቆሞ ይቆጣጠረዋል? ተውነው።

የቀረው ፑልአፕ፣ ማለትም እንደ ፓንት የሚለበስ ዳይፐር ነው። አክስቱ ቤት ከልጆቿ ጋር ሁለት ሌሊት ለሙከራ አደረ። ስሊፒንግ ባጉ ግርጌ ደብቀንለት መብራት ሲጠፋ እዚያው ውስጥ ሆኖ ለበሰ፤ ይህ ሠርቷል። ያስቸገረው ጠዋት ነው፦ የረጠበውን ፍራሽ ሥር ወሽቆት ሽታው አጋለጠው። በማግስቱ ዚፕ ያለው ጥቁር ከረጢት ሰጠነው፤ ዚፑ ሲከፈት ስለሚሰማ አፍሮ አልነካውም። የካምፑ ነርስ ታውቃለች፣ አብሯቸው የሚያድረው ወጣት ግን ገና አልተነገረውም።

እንዲህ ያለ ልጅ ልካችሁ የምታውቁ፣ ጠዋት የረጠበው ፑልአፕ ሌሎቹ ሳያዩ ከስሊፒንግ ባጉ ወጥቶ ቆሻሻ መጣያ እንዲደርስ ምን ዘዴ ተጠቀማችሁ?