ከፕሬዝዳንትነት በፊት ምን ነበሩ? ለ9 ዓመት ልጅ የሚሆን ታሪክ ፈልጌ ነው

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ስለ አንድ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ልጅነት ለክፍሏ ልጆች 5 ደቂቃ እንድታወራ ታዛለች። "እማ፣ አንዱን ንገሪኝ" አለችኝ።

ቀላል መስሎኝ በሊንከን ጀመርኩላት። እ.ኤ.አ. በ1809 ኬንታኪ ውስጥ፣ በግንድ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ተወለደ። ትምህርት ቤት የተቀመጠበት ጊዜ ቢደመር ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። መጽሐፍ እየተዋሰ ያነብ ነበር። እንዲህ እያልኩ ስቀጥል፣ ገና 12 ዓመት እንኳ ሳላደርሰው "ከዚያ ፕሬዝዳንት ሆነ፣ አይደል?" አለችኝ።

በማግስቱ ጋርፊልድን ሞከርኩ። "ኦሃዮ ውስጥ በግንድ ጎጆ..." ከማለቴ "ውይ እማ፣ ደግሞ ጎጆ!" ብላ ጥላኝ ሄደች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ናት። ለልጆች የሚጻፈው የፕሬዝዳንት ታሪክ ገድል ነው የሚመስለው። ልጁ ገና ከእናቱ ማህፀን ሳይወጣ የተመረጠ ነው። አይሰርቅም፣ አይዋሽም፣ አያኮርፍም። ልጅነቱ አውቶቡስ እስኪመጣ የሚቆምበት ፌርማታ ነው እንጂ ምንም አይደረግበትም።

እኔ የምፈልገው እሷን የሚያክል ልጅ አንድ ነገር ሲያደርግ፣ በተለይ ደግሞ ሲያበላሽ ነው። እውነት ግን መሆን አለበት። ምንም ብነግራት "ማን አየ?" የምትል ልጅ ናት።

የዋሽንግተንን የቼሪ ዛፍ እንዳታመጡብኝ። እሱን አንዴ ነግሬያት ፈጠራ መሆኑን ራሷ ደርሳበታለች። እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።


መጽሐፍ በሊታ፦

ልጅሽን ወደድኳት። የቼሪውን ታሪክ ያመጣው ዊምስ የሚባል ሰባኪ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የጨመረው በ1806 ነው፤ ዋሽንግተን የሞተው ደግሞ በ1799። "አባዬ፣ መዋሸት አልችልም" የሚለው ታሪክ ራሱ ውሸት መሆኑ ሁሌም ያስቀኛል።

ግን ዋሽንግተንን ጨርሰሽ አትጣይው። በ16 ዓመቱ፣ በ1748፣ ከመሬት ቀያሾች ጋር ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ ወጥቶ ነበር። ማስታወሻ ደብተር ይዟል። አንድ ማታ ሰው ቤት አደሩ። ጆርጅ እንደ ጨዋ ልጅ ልብሱን አውልቆ ወደ አልጋው ሄደ። አልጋ የተባለው የተጠቀጠቀ ጭድ ነው። አንሶላ የሚባል ነገር የለም። ያለችው አንዲት የነተበች ብርድ ልብስ ብቻ ናት፤ እሷም በቅማልና በቁንጫ ክብደቷ እጥፍ ሆኗል ብሎ ጽፏል። መብራቱን ይዘው እንደወጡ ብድግ ብሎ ልብሱን መልሶ ለበሰና እንደ ጓደኞቹ ተኛ። ከእንግዲህ ደጅ፣ እሳት ዳር መተኛት ይሻለኛል ብሎም ደምድሟል።

"ማን አየ?" ካለችሽ፣ ራሱ ነው የጻፈው በያት።


ፈረስ ወዳድ፦

ዩሊሲስ ግራንት። ሌላ አትፈልጊ።

18ኛው ፕሬዝዳንት ነው። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር። ልጁ የቆዳ ፋብሪካውን ሽታ አይወድም፤ ፈረስ ግን ነፍሱ ነው። 8 ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ የአካባቢው ሰው ያለውን ውርንጭላ አየና ዓይኑ እዚያው ቀረ። ሰውዬው 25 ዶላር አለ። አባትየው "ከ20 በላይ አያወጣም" አለ። ልጁ ለመነ፣ ለመነ። በመጨረሻ አባት ተሸነፈና መከረው፤ መጀመሪያ 20 በለው፣ እምቢ ካለ 22 ተኩል፣ እሱንም እምቢ ካለ 25 ስጠው።

ልጁ ሌላ ፈረስ ላይ ወጥቶ እየጋለበ ሄደ። ሰውዬው ቤት ደረሰና እንዲህ አለ፦ "አባቴ 20 ዶላር እንድሰጥህ ነግሮኛል፣ እምቢ ካልክ 22 ተኩል፣ እሱንም እምቢ ካልክ 25 እንድሰጥህ።"

ስንት እንደከፈለ መናገር አያስፈልገኝም።

ወሬው በመንደሩ ልጆች ዘንድ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሹፈት አስቢው። ግራንት ይህን የጻፈው በ1885 ነው፤ በጉሮሮ ካንሰር ሊሞት ሲል። የእርስ በርስ ጦርነቱን ያሸነፈ ጄኔራል ነው፣ ሁለት ጊዜ ፕሬዝዳንት ሆኗል፣ ያቺ የ25 ዶላር ነገር ግን ከ50 ዓመት በኋላም አልወጣችለትም።

ታሪኩ በዚህ አያልቅም። ፈረሱ 4 ዓመት ሲሞላው ታወረ። ግራንት በ20 ዶላር ሸጠው። ልብ በይ፣ አባትየው መጀመሪያ ባለው ዋጋ። 14 ዓመት ሲሆነው ለትምህርት ኦሃዮ ወንዝ ዳር ወዳለችው ሜይስቪል ሄደ። እዚያ ወንዙን የሚያሻግር ጀልባ ነበር፤ ፈረሶች ባሉበት እየረገጡ መንኮራኩር ያዞራሉ፣ ጀልባው በዚያ ይሄዳል። ከረጋጮቹ ዓይነ ስውር ፈረሶች አንዱ የእሱ ነበር። አይቶ አወቀው።


የድሮ ልብስ ሰፊ፦

እህቴ፣ እኔ ታሪክ አዋቂ አይደለሁም። 40 ዓመት መርፌ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሙያ ባልደረባዬ ግን ልንገርሽ። 17ኛው ፕሬዝዳንት አንድሩ ጆንሰን ልብስ ሰፊ ነበር። ሊንከን ሲገደል የተካው እሱ ነው።

በ1808 ሰሜን ካሮላይና፣ ራሊ ከተማ ተወለደ። ሦስት ዓመቱ ላይ አባቱ ሞተ። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ አንድም ቀን። በ10 ዓመቱ አካባቢ ሙያ እንዲለምድ ለአንድ ልብስ ሰፊ ተሰጠ። "ተሰጠ" ስልሽ እንደ ዛሬው ልምምድ እንዳይመስልሽ። 21 ዓመት እስኪሞላው ከዚያ ቤት ንቅንቅ እንዳይል በሕግ የታሰረ ነው።

አሁን ስፌት ቤቱን በዓይነ ህሊናሽ እዪው። የስፌት መኪና ገና የለም። ሱሪው፣ ኮቱ፣ የቁልፍ ቀዳዳው፣ ሁሉም በእጅ ነው። ሰፊዎቹ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ለምን ጠረጴዛ ላይ? ጨርቁ መሬት ነክቶ እንዳይቆሽሽ፣ ደግሞም ከመስኮቱ ብርሃን እንዲጠጉ። እጅ ተይዟል፣ ዓይን ተይዟል። ጆሮ ብቻ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ለሰፊዎቹ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው ይመጣ ነበር። አንዱ የከተማው ሰው ንግግሮች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ እየያዘ ይመጣል፣ ትንሹ አንድሩ እየሰፋ ያዳምጣል። ብዙ ስለወደደው ሰውዬው መጽሐፉን ሰጠው። ማንበብ ያልተማረ ልጅ መጽሐፍ ተሰጠው እንግዲህ! በዚያ ነው ፊደል የለየው።

ይሄ ለእኔ አዲስ አይደለም። እኔም በ11 ዓመቴ ስገባ ሥራዬ ክር ማስገባት ነበር። አንጋፋዎቹ ዓይናቸው ደክሟል፤ ደርዘን መርፌ ላይ ክር አስገብቼ ትራሷ ላይ እሰካለሁ። ያን ከጨረስኩ ጋዜጣ አንብብ እባላለሁ። ከተሳሳትኩ አንዱ ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሳ "መልሰው" ይለኛል። እስከ ዛሬ ጋዜጣ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ሚስቴ ትስቃለች።

ወደ ጆንሰን ልመለስ። በ1824፣ 15 ዓመቱ ላይ፣ ከወንድሙ ከዊልያም ጋር ጠፋ። ጌታው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ሁለቱን ላመጣልኝ 10 ዶላር እከፍላለሁ አለ። ከዚያ የጨመረውን ስሚ፦ አንድሩን ብቻውን ላመጣልኝም ያንኑ 10 ዶላር እከፍላለሁ። ወንድምየው ባዶ ሆነ ማለት ነው! እንደ ባለሙያ ስፈርድ፣ አንድሩ እጁ የሚያምር ሰፊ ነበር። ማንም ቀጣሪ ለደካማ ልጅ እንዲህ አይልም።

10 ዶላሩን የበላ ሰው አልተገኘም። ልጁ በኋላ ራሱ ተመልሶ ከጌታው ጋር ለመስማማት ሞከረ፣ አልሆነም። ጥሎ ወደ ቴነሲ ሄደ፣ ግሪንቪል ላይ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ዛሬም አለ፤ ከነግድግዳው የጡብ ሕንፃ ሠርተውለት ውስጥ ከተውታል። በ18 ዓመቱ የ16 ዓመቷን ኢላይዛን አገባ። አጻጻፉንና ሒሳቡን ያቃናችለት እሷ ናት። ከዚያ የከተማ ምክር ቤት፣ ከንቲባ፣ ኮንግረስ እያለ ሄደ፤ እሱ ለእኔ አሰልቺ ነው። አገረ ገዥ ሆኖ ግን አንድ ቀድሞ አንጥረኛ የነበረ ዳኛ በእጁ አካፋ ሠርቶ ቢልክለት፣ እሱም በእጁ ኮት ሰፍቶ መለሰለት። እጅ አይረሳም።


መምህሩ፦

ጋሼ፣ አተራረክዎ ግሩም ነው። ነገር ግን ልጅቷ ጆንሰንን ከመረጠች ግማሹን ይዛ እንዳትሄድ። ያን ጊዜ በየጋዜጣው "ጠፋ፣ ላመጣ እከፍላለሁ" እየተባለ የሚወጣው ማስታወቂያ አብዛኛው ስለ ጥቁር ባሪያዎች ነበር። በማስታወቂያ የተፈለገው ይህ ልጅ ደግሞ ሲያድግ ራሱ ባሪያ ገዛ። ፕሬዝዳንት ሆኖም በ1866 ነፃ ለወጡት ሰዎች የዜግነት መብት የሚሰጠውን ሕግ አልፈርምም አለ፤ ኮንግረሱ ነው በላዩ ላይ ያጸደቀው። በ1868 ተከሶ ሴኔት ፊት ቀረበና በአንድ ድምፅ ልዩነት ብቻ ከሥልጣን ከመውረድ ተረፈ።

ዋሽንግተንም እንደዚያው። በ11 ዓመቱ አባቱ ሲሞት እርሻና 10 ባሪያዎች ወረሰ። የ11 ዓመት ልጅ፣ 10 ሰው። ይሄንን ለልጆች ስነግራቸው ቅማሉን ረስተው ይሄንን ነው የሚጠይቁኝ።


የድሮ ልብስ ሰፊ፦

መምህር፣ እውነትዎን ነው። እኔ ኮቱን አመሰገንኩ እንጂ ሰውዬውን አላመሰገንኩም። ስፌቱ የማይተረተር፣ ልቡ ግን የጠመመ ስንት ሰው አይቻለሁ። ትንገራት፣ ሁለቱንም ትንገራት።


አላፊ አግዳሚ፦

ሮናልድ ሬገንም አለ። ኢሊኖይ ውስጥ ዲክሰን በምትባል ከተማ ወንዝ ዳር የዋና ጠባቂ ነበር። ሰው ባዳነ ቁጥር ግንድ ላይ በቢላ ምልክት ያደርግ ነበር፤ 77 ደርሷል። አጭር ነው፣ ልጆች ቁጥር ይወዳሉ።


የሁለት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ትንሹ ወንድሟ ከዚያን ቀን ጀምሮ "እኔን ብቻ ብታገኚኝ 10 ዶላር ነው?" እያለ ሶፋ ሥር ይደበቅብኛል። መምህር፣ ያሉትም ደርሷታል። "ራሱ አምልጦ እያለ?" አለች፣ ከዚያ ዝም። ጆንሰንን ለክፍል አልወስደውም አለች፤ "5 ደቂቃ አይበቃም" ነው ምክንያቷ።

የመረጠችው ግራንትን ነው። ትናንት ማታ ሳሎን ቆማ አቀረበችልን። ሦስቱን ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ስትለው አባቷ ሻዩን ሊተፋ ነበር። እሷ አልሳቀችም፣ እስክንጨርስ ጠበቀችን። ከዚያ ስለ ጀልባው ነገረችን። ባሉበት መርገጥ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ምንጣፉ ላይ ዓይኗን ጨፍና ረገጠች።

ጨርሳ ስትቀመጥ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ መልሱን አላውቅ። ፈረስ ወዳድ፣ ምናልባት አንተ ታውቅ እንደሆን። ግራንት ፈረሱን አውቆታል። ፈረሱስ እሱን አወቀው ወይ?


ፈረስ ወዳድ፦

እሱን አልጻፈውም።