በውሻ መጠለያ በበጎ ፈቃድ ልሠራ ነው፤ ከመጀመሬ በፊት ምን ልወቅ? (ባሕር ዳር)

ሰላም ከሺንብጥ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሺንብጥ አካባቢ ጥቂት ሰዎች ተባብረው በአንድ ግቢ 20 የሚሆኑ የጎዳና ውሾች ይዘዋል። የግቢው ግማሹ ሲሚንቶ ነው፣ ግማሹ አፈር። ቡችሎች አሉ፣ እከክ የያዛቸውም አሉ። ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ ላግዛቸው ተስማምተናል። ቤት ውስጥ ውሻ ማሳደግ አውቃለሁ፤ መጠለያ ግን ሌላ ነገር ነው ይሉኛል። ምን ላዘጋጅ? ክትባት ያስፈልገኛል? ከሆቴል ትራፊ ሰብስቤ ብወስድስ? ሥራውን የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ።

የዘንዘልማው

እህቴ፣ ጓንትና ቦቲ ከመግዛትሽ በፊት የራስሽን ክትባት ጨርሺ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመክረው የቅድሚያ ክትባት 2 መርፌ ነው፤ አንዱ ዛሬ፣ ሁለተኛው በሳምንቱ። ይህን የወሰደ ሰው በኋላ ቢነከስ የሚወጋው 2 መርፌ ብቻ ነው፣ በተነከሰበት ዕለትና ከ3 ቀን በኋላ። ያልወሰደ ግን ከዚያ የበዛ መርፌ ይወጋል፤ ቁስሉ ከደማ ደግሞ ኢሚኖግሎቡሊን የሚባለው ዝግጁ የበሽታ መከላከያ ይጨመርበታል፣ እሱ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም።

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሄደሽ ከመሰለፍሽ በፊት ክትባቱ መኖሩንና ዓይነቱን አጣሪ። አገራችን ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲሰጥ የኖረው ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጀው፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋው ነው። ለቅድሚያ የምትፈልጊው እሱን አይደለም፤ በሴል ካልቸር፣ ማለትም በቤተ ሙከራ በሚራባ ሴል የተሠራውን ነው። ቴታነስሽንም አብረሽ ጠይቂ።

ከተነከስሽ ወይም ከተቧጨርሽ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢ፣ ሰዓት እያየሽ። አብዛኛው ሰው አንድ ደቂቃ ለቅለቅ አድርጎ ይተዋል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ከሳሙናውና ከመርፌው በኋላ። ውሻውን አትግደሉት፤ ለብቻው ተዘግቶበት 10 ቀን ይታይ። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። 10ኛውን ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለፈ ሐኪሙ ቀሪውን መርፌ ሊያቆምልሽ ይችላል፤ ግን 10 ቀኑን ቆጥሬ ልጀምር ማለት አይሠራም፣ የሚጀመረው በዕለቱ ነው። ውሻው ቀድሞ ከሞተ ጭንቅላቱ እንዳይመታ፤ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ ነው።

አዲስ ገቢ ውሻ ለ14 ቀን ለብቻው ይቆይ። ይህ ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉት፣ ከውሻ ወደ ውሻ ለሚተላለፉት የቫይረስ በሽታዎች ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያል፣ ስለዚህ 14 ቀን አለፈው ብለሽ እንዳትዘናጊ።

አምባዛ

እኔ ስለ ጽዳት ልጻፍ፤ ከመጠለያ ሥራ ትልቁ እጅ እሱ ነው። ውሻ ለማቀፍ የሚመጣ ሞልቷል፣ አካፋ የሚይዝ ነው የሚጠፋው።

በሽታ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደው ባብዛኛው በአጽጂው ቦቲና መጥረጊያ ነው። ስለዚህ ተራው መጀመሪያ ቡችሎች፣ ቀጥሎ ጤነኛ ትልልቆች፣ ከዚያ እከካሞች፣ መጨረሻ አዲስ ገቢዎችና ተቅማጥ ያለባቸው። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ከበሽተኞቹ ጋ ከገባሽ በኋላ ቡችሎቹ ቢጮሁ ሌላ ሰው ይሂድላቸው። የበሽተኞቹ ክፍል የራሱ ባልዲና መጥረጊያ ይኑረው፣ እጀታው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዪበት። ምልክት ከሌለው በሳምንቱ ተቀላቅሎ ታገኚዋለሽ።

አጠባቡ እንዲህ ነው። ውሻውን አውጥተሽ እሰሪ። ዓይነ ምድሩን በደረቁ በአካፋ አንሺ፤ ውኃ ካስቀደምሽ ወለሉን ሁሉ ታዳርሺዋለሽ። ከዚያ በኦሞ ፈትገሽ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂ። በረኪና የሚመጣው ገና ከዚህ በኋላ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፣ ለቫይረሱ የሚተርፍ የለውም። ሽንት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ተዋህዶ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ከሽንት ቤት አሲድ ጋርማ ፈጽሞ እንዳይገናኝ።

መጠኑ፣ 5 በመቶ ለሆነ የሱቅ በረኪና፣ 1 እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውኃ ነው። ለ10 ሊትር ባልዲ ሲሶ ሊትር ይሆናል፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዘሽ ከሦስት እጅ ሁለቱን ሙዪ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ፐርሰንት እዪ፤ ምንም ሳይጻፍበት በጀሪካን እየተቀዳ የሚሸጠው ምን ያህል ውኃ እንደገባበት አይታወቅም። ወለሉ 10 ደቂቃ እንደረጠበ ይቆይ፣ ከዚያ አለቅልቀሽ በጎማ መጥረጊያ አድርቂው። እርጥብ በረኪና ላይ የቆመ ውሻ ኋላ መዳፉን ይልሳል። የበጠበጥሽውን አታሳድሪ፤ በማግስቱ ሽታው ነው የሚቀረው።

ይህ ሁሉ ልፋት በዋናነት ለፓርቮ ነው። አልኮልና ሳሙና አይገድሉትም፣ ጥላ ያለበት አፈር ውስጥ ደግሞ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የግቢያችሁ ግማሽ አፈር ነው ብለሻል። አፈርን በበረኪና ማጽዳት አይቻልም፣ ገንዘብ አትጨርሱበት። መላው ክትባታቸውን ያልጨረሱ ቡችሎችን ከሲሚንቶው አለማውረድ ነው። የቡችላ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመርና በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። «አንድ መርፌ ወስዷል» ማለት ተከትቧል ማለት አይደለም፤ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ የመጀመሪያውን መርፌ ሊሽረው ይችላል። የእብድ ውሻው በ3 ወር ላይ ይሰጥና በዓመቱ ይደገማል።

ክረምት ሲገባ ጭድ አታንጥፉ፣ ይሻግታል። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሥሩና በላዩ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሱት፤ ከረጢቱ ታጥቦ ይደርቃል፣ ሲያልቅ ይጣላል።

የግሽ ዓባይ ልጅ

የሆቴል ትራፊ እንደመጣ አይሆንም። ወጥ የነካው ሁሉ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። አንድ ቀን በልቶ ምንም ላይሆን ይችላል፣ በየቀኑ ከሆነ ግን ድዱ እየነጣ፣ እየደከመ ይሄዳል። ከሆቴል የምትጠይቂው ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ወጥ ያልነካው እንጀራና ዳቦ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ራስሽ አስቀምጪላቸው፤ አለዚያ ስቴኪኒና ሶፍት ተቀላቅሎበት ይመጣል።

ዋናው ምግባቸው ሳንባና ጨጓራ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ጋር ተቀቅሎ ነው። ሳንባ ጥሬውን ለውሻ መወርወር የተለመደ ነገር ነው። ግን የበሬና የበግ ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ያ እንቁላል በእጅሽ ወደ አፍሽ ከገባ አንቺም ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ሃይዳቲድ የሚሉት በሽታ ነው። ስለዚህ ሳንባው በደቃቁ ተቆርጦ ከፈላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይብሰል፤ ውሾቹም በየ6 ሳምንቱ ፕራዚኳንተል የሚባለውን የትል መድኃኒት ይውሰዱ።

15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ600 እስከ 800 ግራም የበሰለ ምግብ ይበቃዋል፣ ለሁለት ተከፍሎ። ሁሉም በዚያ ልክ ቢሆኑ ለ20 ውሻ ከ12 እስከ 16 ኪሎ ነው፤ ድስት ስትገዙ ከዚህ ተነሡ።

አጥንቱ ገጦ የመጣን ውሻ በአንድ ጊዜ አታጥግቡ። የመጀመሪያው ቀን ከሚገባው ሩቡን ብቻ፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ተከፋፍሎ፤ ከዚያ በ4 ወይም በ5 ቀን ቀስ እያለ ሙሉ ይድረስ። ከረጅም ረሃብ በኋላ ድንገት ሲጠግብ የደሙ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይወርድና ልቡ ሊቆም ይችላል። አዲስ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ይህን ሲያይ ጭካኔ ይመስለውና ተደብቆ ያበላል፤ ስለዚህ በሩ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ለቡችሎቹ ወተት ይዘሽ አትምጪ፣ የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል። ከ4 ሳምንት ካለፉ ሩዝና ሥጋ በደንብ ላልቶ በቀን 4 ጊዜ።

ጾም ላይ ተዘጋጁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ባብዛኛው ይዘጋል፣ ሳንባ ይጠፋል። ያኔ እንቁላልና የተቀቀለ ምስር፣ ከሐይቁ ዳር ደግሞ የአሳ ጭንቅላት። ቀረሶም ሆነ አምባዛ (ይቅርታ ከላይ ለጻፍከው ወንድሜ) ተቀቅሎ፣ ሥጋው ተለቅሞ፣ መረቁ ተጠልሎ ይሰጥ። ጥሬው ትል አለው፣ እሾሁም ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ሰላም ከሺንብጥ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት አይቨርሜክቲን ገዝተን እከካሞቹን ራሳችን ብንወጋስ? ሌላው፣ ቧንቧ እየጠፋ ስለተቸገርን ጣና ዳር ወስደን ብናጥባቸውስ የሚል ሐሳብ ነበር።

የዘንዘልማው

መድኃኒቱ ለእከክ ይሠራል፣ የሚያስቸግረው መጠኑ ነው። የከብቱ 1 በመቶ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ። 10 ኪሎ ውሻ የሚያስፈልገው ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሊትር ነው። በትልቅ የከብት ሲሪንጅ ይህን መለካት አይቻልም፣ በግምት የተወጋ ቡችላ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ራሱን ይስታል። ሐኪም ይውጋ፣ በ1 ሚሊ ሲሪንጅ። የእናንተ ሥራ መመዘን፣ መያዝና መመዝገብ ነው። የእንስሳ ሚዛን ከሌላችሁ ውሻውን ታቅፈሽ የሰው ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ ብቻሽን ተመዘኚ፣ ልዩነቱ የእሱ ነው። በ2 ሳምንቱ ይደገማል፤ አብረው የሚተኙት ሁሉ አብረው ካልታከሙ ዞሮ ይመለሳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ ይቀባ የሚል አይጠፋም፤ ውሻው ልሶት ይመረዛል። እከኩ አንቺንም ያሳክክሻልና እጅጌሽ ረጅም ይሁን፣ ልብስሽን እዚያው ቀይረሽ ሂጂ።

አምባዛ

ጣና አይሆንም። ዳር ዳሩ፣ ደንገልና ሣር ያለበት ቦታ፣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ አለ፤ እጩ ቆዳ በስቶ የሚገባው ውኃው ውስጥ ቆመሽ ስታሻሺ ነው። የግድ የሐይቅ ውኃ ከሆነ ወደ ንጹሕ በርሜል ቀድታችሁ፣ ቀንድ አውጣ እንዳይገባ አጣርታችሁ፣ ከድናችሁ 2 ቀን አቁሙት፤ ያለ ቀንድ አውጣ እጩ ከዚያ በላይ አይኖርም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፣ ውሻ ይዞ በዚያ ሰዓት በዚያ መገኘት ልክ አይደለም።

ጥቁር ቡችላ

ስለ አያያዝ ማንም አልጻፈም። የእኛ የጎዳና ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ሳህን ልታነሺ ጎንበስ ስትዪ ወይ ይሸሻል ወይ ቀድሞሽ ይነክሳል። ስለዚህ ገና ከሩቅ ቁጭ በዪ፣ ጎንሽን ሰጥተሽ፣ ዓይን ዓይኑን ሳታዪ፤ ሳህኑን ወደ እሱ አንሸራቺው። መጥረጊያም ለእሱ ዱላ ነው፤ ከፍ አድርገሽ አትያዢ፣ መሬት ለመሬት እየጎተትሽ ግቢ። እጅሽን ከአናቱ በላይ አታምጪ፤ መንካት ካለብሽ ከደረቱ ወይም ከትከሻው ጀምሪ።

ምግብ ሲቀርብ ሁሉም በየክፍሉ ወይም በየገመዱ ይሁን፤ ጠብ የሚነሣው ያኔ ነው። ከተያያዙ እጅሽን መሐላቸው አታግቢ። ባልዲ ውኃ ድፊባቸው፣ ካልተላቀቁ ሰፊ ጣውላ ወይም የቆርቆሮ በር መሐል አስገቢ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ቅዳሜና እሑድ ሁሉም ይመጣል። ከቻልሽ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጧት ከ12 እስከ 2 ሰዓት አንድ ቀን ያዢ፣ ሰው የሚጠፋው ያኔ ነው። የበዓል ማግስት ደግሞ ጎረቤት የዶሮ አጥንት በፌስታል ይዞ በር ያንኳኳል። አመስግነሽ ተቀበዪ፣ ወደ ጉድጓድ ጣዪው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በዚያ ሰሞን ለሃጩ የሚዝረበረብና አፉን በመዳፉ የሚቧጥጥ ውሻ ካየሽ አጥንት ነው ብለሽ እጅሽን አፉ ውስጥ እንዳትከቺ። የእብድ ውሻ በሽታም ልክ እንዲህ ሊታይ ይችላል፣ መንጋጋው ሲላላ መዋጥ ያቅተዋል። በሩን ዝጊበት፣ ሌሎቹን አርቂ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሪ።